አንቀጹን አምጣ፦ የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ለክበባት ዘገባ የሚሰጠን ቅጽ አራት ርእሶች አሉት፤ የአባላት ብዛት፣ የተከናወኑ ተግባራት፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የወደፊት ዕቅድ። ዘንድሮ በቅጹ መሠረት መጻፍ አልሆነልኝም። የክበባችን መሥራች፣ የእኔም መምህር የነበሩት ሰው በዓመቱ አጋማሽ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ያከናወንነው ሥራ ሁሉ ከእርሳቸው ጋር የተያያዘ በመሆኑ ዘገባው ግማሹ የክበቡ፣ ግማሹ የእርሳቸው ይሆናል። የአባላቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ከአምናው ጨምረናል፣ ከ9ኛ ክፍል የመጡት በዝተዋል፣ ሴት ተከራካሪዎች በቁጥር ከወንዶቹ በልጠዋል።

ተማሪዎች «ጋሼ» ይሏቸው ነበር፤ እኔም ባልደረባቸው ከሆንኩ በኋላ ሌላ መጠሪያ ከአፌ አልወጣም። ጡረታ ወጥተውም ክበቡን አልተዉትም። ቦታቸው ከክፍሉ ኋላ፣ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ተከራካሪ ሲናገር ቀና ብለው አያዩትም፤ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቁጥርና ዓመት ብቻ ይጽፋሉ። ንግግሩ ሲያበቃ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይይዙና «ይህችን ከየት አመጣሃት?» ይላሉ። ልጁ «ሲባል ሰምቼ ነው» ካለ ቁጥሯን በእርሳስ ይሰርዟታል። ክፍሉን በጭብጨባ ያናወጠ ንግግር እርሳቸው ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ሳይተርፈው ሲቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚናገር ሁሉ ደግሞ የማይቀር ትእዛዝ ይጠብቀዋል፤ «አንቀጹን አምጣ»። በምሳሌያዊ አነጋገር ክርክር መክፈት ክልክል ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ የጀመረን ልጅ፣ «አንበሳው በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ካለውስ?» ብለው አስቀመጡት። ልጁ ዘንድሮ የክበቡ ጸሐፊ ነው።

የመጀመሪያው ክርክራችን ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በፊት በነበረው በመንግሥታት ማኅበር ላይ ነበር። (በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከንግግሩ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ፣ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሲረብሹ። ጋሼ ንግግሩን ያከብሩታል፤ በንግግሩ ክርክር ማሸነፍን ግን አይፈቅዱም። የሚያስነብቡን የማዕቀቡን ዝርዝር ነው። ማኅበሩ በኖቬምበር 1935 በኢጣሊያ ላይ በጣለው ማዕቀብ መሣሪያ መሸጥን፣ ገንዘብ ማበደርን፣ የኢጣሊያን ሸቀጥ መግዛትን ከለከለ። ነዳጅ ዘይት ግን ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደርና መሣሪያ የጫኑት መርከቦች በዚያው በኩል አለፉ። በጁላይ 1936 ማዕቀቡ ተነሣ።

በዚያ ቀን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈለችው። በግራ «የተከለከለ»፣ በቀኝ «ያልተከለከለ» ብላ ጻፈች። በግራ በኩል ቦታ እስኪጠባት ሞላች፤ በቀኝ ሦስት ነገር ብቻ አስቀመጠች፤ ዘይት፣ ድንጋይ ከሰል፣ ቦዩ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጣ «ጦርነቱ የተካሄደው በቀኙ በኩል ነው» አለችና ተቀመጠች። የተሰጣት ጊዜ ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር። ጋሼ ወረቀታቸው ላይ ቃል ሲጽፉ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እኔም ከእርሳቸው የወረስኩት ልማድ ይህ ነው። ዛሬ አንድ ኃያል መንግሥት በሌላው ላይ ማዕቀብ መጣሉን ስሰማ፣ መግለጫውን ትቼ ከዝርዝሩ ውጭ ምን እንደቀረ እፈልጋለሁ። የትኛው ባንክ ተተወ? የትኛው ማዕድን አልተነካም? የመንግሥታት ቁርጠኝነት የሚለካው በዚያ ይመስለኛል። መግለጫ ማውጣት ወጪ የለውም።

ከጋሼ ጋር የማንስማማበት ጉዳይ ግን ነበረን፤ የዓመቱ ትልቁ ክርክርም ከዚያ መጣ። እርሳቸው ትንንሽ አገሮች ከሕግ ሌላ መጠጊያ የላቸውም ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሕጉ የሚሠራው ኃያላኑ ሲፈቅዱ ብቻ ነው እላለሁ። ተማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ «ሁለታችሁ ለምን አትከራከሩም?» ብለው ወጥረው ያዙን። ርእሱን እርሳቸው መረጡ፤ የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ። ለእርሳቸው ወገን ከዚህ የከፋ ጉዳይ አይገኝም፤ የመረጡትም ለዚሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የዛሬዋ ናሚቢያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር አደራ ለደቡብ አፍሪካ ተሰጥታ ነበር። ደቡብ አፍሪካ አደራውን ርስት አደረገችው፤ አፓርታይድንም ዘረጋችበት። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ የቀድሞው ማኅበር አባላት በመሆናቸው፣ ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1962 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በ1966 ግን ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወሳኝ ሆነና ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት የላቸውም ተብሎ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ፣ ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ማለት ነው።

ድሉ በእጄ ነው ብዬ ነበር የተነሣሁት። ጋሼ በምርኩዝ ተደግፈው ቆሙ፤ ድምፃቸው ያን ጊዜ ደክሟል። ያነበቡት የዓመታትን ዝርዝር ብቻ ነበር። በዚያው 1966፣ በኦክቶበር፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን አደራ ሻረ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ በዚያ ምድር መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። በ1978 የጸጥታው ምክር ቤት ለነጻነት መንገድ የሚያወጣውን ውሳኔ ቁጥር 435ን አጸደቀ። በማርች 1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። እኔም መልሴን አዘጋጅቼ ነበርና፣ ናሚቢያን ነጻ ያወጣት የሕዝቧ ትግል፣ በአንጎላ የተደረገው ጦርነትና የቀዝቃዛው ጦርነት መብረድ እንጂ ወረቀት አይደለም፤ አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ በ1988 ኒውዮርክ ላይ የተፈራረሙት ተዋግተው ስለደከሙ ነው አልኩ።

«መልካም» አሉ። «ሲፈራረሙ ምን ሊፈጽሙ ተስማሙ?»

መልሱን ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሳኔ ቁጥር 435ን። ወረቀቱ አሥር ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ፣ ተዋጊዎቹ ሲደክሙ የሚፈርሙበት ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ተማሪዎቹ ለእርሳቸው ፈረዱ። እኔ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። በእነዚያ አሥር ዓመታት የሞቱት ሰዎች በየትኛው አንቀጽ ይመዘገባሉ? ይህን ጥያቄ ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳድሬው ነበር። የሚቀጥለው ስብሰባ ሲደርስ ጋሼ ሆስፒታል ነበሩ፤ ከዚያም አልተመለሱም።

የእርሳቸው ሞት ከተሰማ በኋላ ክበቡ ለጥቂት ሳምንታት አልተሰበሰበም። የተመለስነው ቤተሰቦቻቸው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ቅጂያቸውን ለክበቡ በሰጡን ጊዜ ነው። ጠርዙ ያለቀ፣ ኅዳጉ በእርሳስ የተሞላ ትንሽ ጥራዝ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት በተዘረዘሩበት አንቀጽ 23 አጠገብ «1971? 1991?» የሚል አለ። የ9ኛ ክፍል ልጆች ትርጉሙን ለማግኘት አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። ቻርተሩ ዛሬም ቋሚ አባላቱን ሲጠራ «የቻይና ሪፐብሊክ» እና «የሶቪየት ኅብረት» ነው የሚለው። በ1971 መቀመጫውን የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ወሰደች፤ በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሩሲያ ተተካች፤ ጽሑፉን ግን የነካው የለም። አንዲቷ ልጅ «ታዲያ አንቀጹን ማምጣት ምን ዋጋ አለው?» አለች። ጋሼ ቢኖሩ ጥያቄውን ይወዱት ነበር፤ መልስ ግን በቀላሉ የሚሰጡ አይመስለኝም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ድምፅን በድምፅ በመሻር መብት (ቬቶ) ላይ፣ ማለትም አንድ ቋሚ አባል ብቻውን የጸጥታውን ምክር ቤት ውሳኔ በሚያስቀርበት መብት ላይ ተከራከርን፤ አንድ ደንብም ጨመርን። ማንኛውም ተከራካሪ ሁለት ድምፅ አሰጣጦችን በአንድ ስብሰባ ያቀርባል። የመጀመሪያው የፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ነው፤ በዩክሬን ጉዳይ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ 11 አባላት ደገፉት፣ ሦስት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ ሩሲያ ሻረችው። ሁለተኛው የዲሴምበር 8 ቀን 2023 ነው፤ በጋዛ ተኩስ እንዲቆም የቀረበውን 13 አባላት ደገፉት፣ ብሪታንያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ አሜሪካ ሻረችው። ያየነው ነገር አስተማሪዎችንም ያሳፍራል። በመጀመሪያው ላይ ጠረጴዛ የደበደበ ልጅ በሁለተኛው ላይ «ሁኔታዎችን ማየት ያስፈልጋል» ማለት ጀመረ። ቀጥሎ የተነሣችው ደግሞ በተቃራኒው፤ ለአንደኛው «ምክንያት አላቸው»፣ ለሁለተኛው «ወንጀል ነው»። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሚዛን እንደያዙ እርግጠኞች ነበሩ።

የግል አስተያየቴን ልናገር። አብዛኞቻችን የዓለም ፖለቲካን የምንከታተለው እንደ እግር ኳስ ደጋፊ ነው፤ ዳኛው ትክክል የሚሆነው ለእኛ ሲነፋ ብቻ ነው። መብቱ በማን እጅ ነው ብሎ የሚቆጣ ብዙ ነው፤ መብቱ ለምን ኖረ የሚለው ጥቂት ነው። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ አንድ ቋሚ አባል በሻረ ቁጥር ጠቅላላ ጉባኤው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ተሰብስቦ እንዲወያይ ተወስኗል። አንዳንዶች ይህን ትልቅ እርምጃ ይሉታል። እኔ የሻረውን አገር ምክንያቱን በአደባባይ ከማናገር ያለፈ ነገር አላየሁበትም፤ ማናገሩ ግን ከዝምታው ይሻላል።

ስለ ለውጥ ስንነጋገር ጋሼ የሚጠቅሱት አንድ ምሳሌ ነበራቸው፤ የ1963ቱን ድምፅ። ጠቅላላ ጉባኤው የምክር ቤቱን አባላት ከ11 ወደ 15 ለማሳደግ ሲወስን ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ተቃወሙ፤ አሜሪካና ብሪታንያ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሆኖም በ1965 አምስቱም ቋሚ አባላት አጽድቀውት ሥራ ላይ ዋለ። አዳዲሶቹ የአፍሪካና የእስያ አባላት በቁጥር በዝተው ስለነበር እምቢ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍ ብሎ ነበር፤ «ትንንሾቹ ሲቆጠሩ ነው የሚፈሩት» ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ የተሳካው የመሻሩን መብት ስላልነካ ነው እላለሁ። የአፍሪካ ኅብረት በ2005 በያዘው አቋም ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነሙሉ መብቱ ይጠይቃል፤ የመሻር መብት በመርህ ደረጃ ትክክል አይደለም፣ እስካለ ድረስ ግን ለእኛም ይሰጠን ይላል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ደገፉት። በእኔ እምነት ይህ አቋም ጥያቄውን ያዳክመዋል። በመርህ የምትነቅፈውን ነገር ተካፋይ ልሁን ስትል ባለመብቶቹን የምታሳፍርበት አንደበት ታጣለህ፤ በዚያ ላይ ሁለቱ አገሮች የትኞቹ ይሁኑ የሚለው ገና ከመነሻው አህጉሩን ይከፋፍለዋል። በዚህስ ጋሼ ከእኔ ጋር ነበሩ፤ ብርቅ ነገር ስለሆነ ተመዝግቦ ይቀመጥልኝ።

ችግሮች፦ ክፍላችን በፈተና ወቅት ለሌላ ሥራ ስለሚወሰድ ሁለት ክርክሮች ተሰርዘዋል። ኢንተርኔቱ በሚጠፋበት ቀን የድምፅ አሰጣጥ መዝገቦችን ማየት አልቻልንም፤ አሁን ዋና ዋናዎቹን አትመን በማኅደር አስቀምጠናል። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ምስጋናችን ይድረስ፤ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ በሩን ክፍት ያደረጉልን እነርሱ ናቸው።

የሚቀጥለው ዓመት የመክፈቻ ክርክር ከዚያው ጥራዝ ኅዳግ የተወሰደ ነው። አንቀጽ 109 ቻርተሩን እንደገና የሚያይ ጉባኤ ስለሚጠራበት መንገድ ይናገራል። ጉባኤውን ለመጥራት ከጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ሦስተኛ፣ ከጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ የማናቸውም ዘጠኝ አባላት ድምፅ ይበቃል፤ መጥራቱን ብቻውን ማንም ሊሽረው አይችልም። የሚሻሻለው ነገር እንዲጸና ግን አምስቱም ቋሚ አባላት ማጽደቅ አለባቸው። ጠቅላላ ጉባኤው በ1955 ጉባኤው በተገቢው ጊዜ ይጠራ ብሎ ወስኖ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተጠራም። ጋሼ ከአንቀጹ ጎን «መቼ?» ብለው ጽፈዋል።

«ይጠራ» የሚለውን ወገን አዲሷ የክበቡ ሊቀ መንበር ትመራለች፤ ሰሌዳውን ለሁለት የከፈለችው ተማሪ ናት። «አይጠራ» የሚለውን እኔ እይዛለሁ፤ ዛሬ ባለው ዓለም ቻርተሩ ቢከፈት የሚወጣው ሰነድ ካለን የባሰ ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ነው። አዲስ አባላት ከመምጣታችሁ በፊት ከአንቀጽ 23 እስከ 27፣ እንዲሁም 108ንና 109ን አንብቡ። ስም ምዝገባው ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ ይካሄዳል።