ገብረማርያም ማን ነበሩ? የሊሴን ፎቶዎችና ትዝታዎች ለማሰባሰብ የድጋፍ ጥሪ

አዲስ አበባ ያለው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ ሊሴ ገብረማርያም ተምሬ፣ ባክ (የፈረንሳዮቹን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ይዤ ስወጣ ገብረማርያም ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ስማቸውን በየቀኑ እያነበብኩ፣ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ፣ አንድ ቀን እንኳ "ማን ናቸው?" ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የራሴ ነው። ናፖሊዮን መቼ እንደሞተ ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪ አርበኛ ናቸው። ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር በደቡብ በኩል ጣሊያንን ሲዋጉ ቆይተው ጎጌቲ ላይ ወደቁ። ቀኑ የካቲት 12 ቀን 1929 ነበር። አዎ፣ ያው የካቲት 12። አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት፣ ጭፍጨፋው የጀመረበት ዕለት። ከተማው በራሱ ሐዘን ተይዞ ነበርና የእሳቸው ሞት በዚያው ተሸፍኖ የቀረ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ከዚያ 10 ዓመት በኋላ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1947 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ጊዜው ለፈረንሳይኛ አይመችም ነበር። ከጦርነቱ በፊትማ ቤተ መንግሥቱም ባቡሩም አፉን የፈታው በፈረንሳይኛ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ቋንቋውን የተማሩት በልጅነታቸው ሐረር ላይ ነው። ለገሃር የምንለውም "ላ ጋር" እኮ ነው። ከነፃነት በኋላ ግን እንግሊዞች ገቡ፤ ትምህርቱም ቢሮውም ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ሊሴ የበቀለው በዚህ መሐል ነው፤ ያውም ቸርችል ጎዳና ላይ! የሚያስተዳድረው ሚሲዮን ላይክ ፍራንሴዝ በ1902 ፓሪስ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ስሙ ሚሲዮን ይበል እንጂ ሃይማኖት አያስተምርም።

ትምህርት ቤቱን ያሳደገው ግን የከተማው ዕጣ ይመስለኛል። በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በ1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። የመርካቶ ነጋዴ ልጅና የአምባሳደር ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፤ ሊሴ አልተዘጋም። ዛሬ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ባክ ከ1,000 በላይ ተማሪ አለው፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ይህን ይህን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። የቸገረን ሌላው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቤት ሄድን። ልጃቸው ከአገር ከወጣ ቆይቷል። ከቁም ሳጥን ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ የክፍል ፎቶ አለ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ልጆቹ በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ከፊት ያለው የአንዱ ልጅ ጫማ ማሰሪያ ተፈቷል። ጀርባው ላይ የክፍሉ ስም በፈረንሳይኛ፣ በእርሳስ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በእናትየው እጅ፣ በአማርኛ፦ "መሐል ላይ ኮቱ የሰፋው የኔ ነው።" የፎቶው አንድ ጥግ በጣሪያ ፍሳሽ ውሃ ነክቶት ተላልጧል። እዚያ ጥግ ላይ የነበረው ልጅ ፊት የለውም። ማን እንደነበር ጠየቅናቸው። "ስሙ ጠፋኝ፤ እሁድ እሁድ እኛ ቤት ይበላ ነበር" አሉን።

እኛ ጥቂት የቀድሞ ተማሪዎች ነን። ቢሮ የለንም፤ ትምህርት ቤቱንም አንወክልም። የያዝነው ሥራ የተማሪዎችን ፎቶ፣ ደብተርና የውጤት ካርድ እያነሣን በኮምፒውተር ማስቀመጥ፣ የአንጋፋዎቹንም ድምፅ መቅዳት ነው። በተከፈተበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገቡት ልጆች ዛሬ 80 ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ማብዛት አንችልም።

እስካሁን ከየኪሳችን እያዋጣን ሠርተናል፤ ኪሳችን ግን አልቋል። በመጀመሪያ አንድ ደህና ስካነር መግዛት አለብን፤ በስልክ ያነሣናቸው ፎቶዎች ያንጸባርቃሉ፣ ሲያሳድጓቸው ይደበዝዛሉ። ከዚያ ሁለት የውሂብ ማስቀመጫ ዲስክ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። ትልቁ ወጪ ግን ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡ ልጆች ክፍያ ነው። ጋሼዎቹ ሲያወሩ አማርኛው መሐል ፈረንሳይኛ ይገባል፣ ሣቅ ይገባል፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል። በነፃ ሥሩልን ማለት ነውር ነው።

100 ብርም ከሆነች ትጠቅመናለች። ፓሪስ፣ ሞንትሪያል፣ ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ቡድን ሠርታችሁ የአንድ አንጋፋ ቀረጻ ወጪ ብትችሉ ደስ ይለናል። የሂሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ምን ገባ ምን ወጣ የሚለውን በየወሩ ከነደረሰኙ እንለጥፋለን። ሊሴ ያልተማራችሁም ብትሆኑ ጎረቤታችሁ ተምሮ ይሆናል፤ ጠይቁልን።

ፎቶ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ከአልበሙ ላይ አትንቀሉት፤ ይቀደዳል። አልበሙን እንዳለ ይዛችሁ ኑ፤ ወይም ጥሩን፣ እኛ እንመጣለን። ቡና ካለ ደግሞ ቶሎ እንመጣለን።