ቆማ ስትንቀጠቀጥ

ለልጄ፣

ያሪስ መኪናሽ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም እንደምትንቀጠቀጥ፣ መንገድ ስትጀምር ግን እንደምትለሰልስ ጽፈሽልኛል። ካንዴላም (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሆነ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ለመግዛት አትሩጪ፤ መጀመሪያ ቤንዚኑ ከሚቃጠልባቸው አራት ሲሊንደሮች የትኛው እንደሰነፈ እንወቅ።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትረግጪ ቆሞ ሲሠራ፣ በደቂቃ 700 ጊዜ ያህል ነው የሚዞረው። በአንድ ዙር ሁለት ሲሊንደር ይተኩሳል። ከአራቱ አንዱ ሲዘል ክፍተቱ ረጅም ስለሆነ መቀመጫው ድረስ ይሰማል። 2,500 ላይ ግን የዙሩ ጉልበት ይሸፍነዋል። ስለዚህ «ስትነዳ ደህና ናት» የሚል መካኒክ ምንም አልነገረሽም።

ሞተሩ ሲሞቅ ፍሬን ረግጠሽ ማርሹን ዲ ላይ አድርጊና የዙር መቁጠሪያውን ቀስት ተመልከቺ። ቀስቱ ሳይነቃነቅ አካሏ ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ ኤን ላይ ሲሆን የሚተዋት ከሆነ፣ ሞተሩን የተሸከሙት ጎማዎች ደክመው ይሆናል። ቀስቱ ከዘለለ ግን ጥፋቱ ሞተሩ ጋ ነው።

የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበው የጥፋት ኮድ በማንበቢያ መሣሪያ ይነበብ። ፒ0302 ከወጣ ሁለተኛው ሲሊንደር ነው፤ ቁጥሩ የሚጀምረው በቺንጋው በኩል ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ግን አትንጂ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፣ ያቀልጠዋልም።

አሁን ሞተሩን አጥፊ። ኮይሉን የያዘው አንድ ባለ 10 ብሎን ነው። የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሪ፣ ኮዱን አጥፊና አስነሺ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ኮይሉ ሞቷል፤ አንዱን ብቻ ግዢ። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን በዚሁ መንገድ አቀያይሪ፤ ያም ካልሆነ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ጠርጥሪ።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲበርድ ነው፤ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ራስ) አልሙኒየም ስለሆነ ሙቅ እያለ ጥርሱ ይላጣል። ባለ 16 ቁልፍ ያስፈልግሻል። ስትመልሺ መጀመሪያ በጣት አዙሪ፣ ከዚያ 18 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ደርቆ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷል ወይም ሞቋል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካገኘሽ ጥፋቱ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ኮይል ብትገጥሚ ላስቲኩን ዘይቱ ያበላሸዋል።

አንድ ሲሊንደር ተለይቶ ካልወጣና ኮዱ ፒ0171 ከሆነ፣ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ከአየር ማጣሪያው እስከ ሞተሩ ያሉትን ቱቦዎች ዳብሺ፣ ፉጨት አዳምጪ። ቀዳዳ ለመፈለግ ቤንዚን የሚረጭ ሰው ካየሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ፤ እሳት ነው። የሳሙና ውሃ በጥቂቱ ይበቃል፤ ፉጨቱ ለአፍታ ቢቆም ወይም ዙሩ ቢለወጥ ቀዳዳው እዚያ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ቦዲ ከጠቆረ በማጽጃው በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ ክዳኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታዘዝ ስለሆነ በጣት አይገፋ።

የመጨረሻው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት፣ ልኬት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ለዚህ ሞተር ፋብሪካው የሚሰጠው 213 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለባሕር ጠለል ነው። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም 160 አካባቢ ያሳያል። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ቢሉሽ አትደንግጪ፣ አራቱን ቁጥሮች አወዳድሪ። ልዩነታቸው ከ15 ካልበለጠ ደህና ነው። ሲለካ ሞተሩ ሞቆ ለብ እስኪል የበረደ፣ አራቱም ካንዴላ የወጣ፣ የኢንጀክተሮቹ ሶኬት የተነቀለ፣ ትሮትሉ ሙሉ የተከፈተ፣ ባትሪውም የሞላ ይሁን። ደካማው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲለኩ ቁጥሩ ከወጣ የፒስተን ቀለበት ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል።

ኮዱን አንብበሽ ቁጥሩን ላኪልኝ።

እናትሽ