የደምቢያው የጣና ዳርቻ ለወፎቹም ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጥር ወር ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣው እንግዳ የፋሲል ግቢንና ጥምቀተ ባሕሩን አይቶ ይመለሳል። ከከተማው እስከ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ እስከ ጎርጎራ ባለው የጣና ዳርቻ፣ በዚያው ወር የሰሜን አውሮፓንና የሩሲያን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ሰፍረው እንደሚሰነብቱ ግን የከተማው ነዋሪዎች እንኳ ብዙዎቻችን ልብ አላልንም። ይህን የምጽፈው እነዚህ መንገደኛ ወፎች የሚያድሩበትና የአገራችን ወፎች የሚፈለፈሉበት ረግረግ ከዓመት ዓመት እየታረሰ በመጥበቡ ነው።

ዘንድሮ በጥር ከቆላ ድባ ወዳጆቼ ጋር ወፎቹን ለማየት ወርደን ነበር። ግራጫዎቹ ክሬኖች፣ አንገታቸውና እግራቸው ረጃጅም የሆኑት መንገደኛ ወፎች፣ ሌሊቱን ጅብና ቀበሮ በቀላሉ በማይደርሱባቸው ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ አንዱ መለከት በሚመስል ድምፅ ይጮሃል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ከዚያም አንገታቸውን ወደ ፊት፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በረድፍ በረድፍ በራሳችን ላይ እያለፉ፣ ከአጨዳ የወደቀ እህል ለመልቀም ወደ ማሳው ይሄዳሉ። የሽምብራ እሸት ላይ ሲያርፉ ገበሬው ልጆቹን ጠባቂ አድርጎ ያቆማል፤ ይህም መብቱ ነው።

ረፋዱ ላይ ይብራውንም፣ ፔሊካኑንም፣ ከብት የሚከተለውን ሳቢሳም አየን። ከሁሉ የረጋሁት ግን ከደንገሉ ጥግ በሣር ውስጥ ሲመገቡ ባገኘናቸው ሁለት ባለ ዘውድ ጥቁር ክሬኖች ዘንድ ነው። በአናታቸው ላይ የቆመው ወርቃማ ላባ እያንዳንዱ ዘለላ ለብቻው ይታይ ነበር፤ ጉንጫቸው ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ነው፤ በእግራቸው መሬቱን ረገጥ ረገጥ እያደረጉ የሚፈናጠረውን ነፍሳት ይለቅማሉ። እነዚህ እንደ ግራጫዎቹ መንገደኞች ሳይሆኑ የአገራችን ነዋሪዎች ናቸው፤ በዓለም ደረጃም ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት አእዋፍ ተመዝግበዋል። ጎጇቸውን የሚሠሩት በዝናቡ ወራት፣ ውሃ በተኛበት ረጅም ሣር ውስጥ በመሆኑ፣ በበጋ የታረሰ ረግረግ ለሚቀጥለው ክረምት ጎጆ የማይሠራበት መሬት ይሆናል።

ክረምቱ አልፎ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ ማረሻው እግር በእግር ይከተለዋል፤ ደንገሉና ፊላው ይታጨዳል፣ ይቃጠላል። መሬት የጠበበውን ገበሬ በዚህ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። ነገር ግን ያ የደንገል መቀነት ከእርሻው የሚታጠበውን አፈር አስቀርቶ ውሃውን ያጠራል፤ ዓሣ ይራባበታል፤ የታንኳው ደንገልም ከዚያው ነው። መቀነቱ ሲጠፋ ጉዳቱ ዞሮ የሚያርፈው በገበሬውና በዓሣ አስጋሪው ላይ ነው። እምቦጭ ሐይቁን በወረረ ጊዜ ምን ያህል ጉልበት እንደፈሰሰ የደምቢያ ሰው በእጁ አረም የነቀለ ስለሆነ አይረሳውም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት አካባቢ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ምዝገባ የሚጠበቀውን እምብርት፣ በዙሪያው ያለውን መከላከያ ቀጠናና የልማት ቀጠናውን መለየትን ይጠይቃል። እኛ ባለፍንበት ዳርቻ ግን የትኛው ቀጠና የት እንደሚያበቃ የሚያሳይ አንድም ምልክት አላየንም። በወረቀት ላይ ያለ ወሰን ደግሞ ጥማዱን ይዞ ለሚወርድ ሰው አይታየውም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች ከገበሬዎቹ ጋር ተመካክረው፣ ሳይታረስ የሚቆየውን የደንገልና የሣር ዳርቻ መሬት ላይ በሚታይ ምልክት እንዲለዩ እጠይቃለሁ። ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ለምቶ እንግዳ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ወፎቹን የሚያሳዩ የአካባቢው ወጣቶች ሠልጥነው አቅራቢ መነጽር ቢሰጣቸው፣ ከዳርቻው የሚገኘው ገቢ ሳይታረስም ለነዋሪው ይደርሳል። የወሰን ምልክቱ ግን ባለ ዘውዶቹ ጎጆ መሥራት ከመጀመራቸው በፊት፣ ከሰኔ ዝናብ ቀድሞ ቢተከል ይበጃል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር