ወንዝ ባሕርና ሐይቅ የሚገባበት ቦታም ይቆጠር

ለአዘጋጁ፣

ዛፍ ከአየር ካርቦን እንደሚስብ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ውሃውን ግን ረስቷል። በዓለም ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ (በፀሐይ ብርሃን ካርቦንን ወደ ምግብ የመቀየር ሥራ) ግማሽ ያህሉን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ የባሕር ነፍሳት ናቸው።

አማዞን አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባበትን እንይ። ወንዙ ለነፍሳቱ የሚጠቅሙ ፎስፈረስና ሲሊካ (አሸዋና መስታወት የሚሠሩበት ማዕድን) ይዞ ይወርዳል። ከወንዙ አፍ ራቅ ሲል ግን ነፍሳቱ ለማደግ የሚያስፈልጋቸው ናይትሮጅን ያልቃል። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ዲያቶም ከሚባሉት ደቂቅ ነፍሳት አንዳንዶቹ የናይትሮጅን ጋዝን ወደ ምግብ የሚቀይር ባክቴሪያ አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ ሌላው ሲራብ እነሱ ይባዛሉ፤ ሲባዙም ካርቦን ይስባሉ። ቅርፊታቸው እንደ መስታወት ከሲሊካ የተሠራ ስለሆነ ይከብዳል። ሲሞቱ ከፊሉ ካርቦኑን ይዞ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል።

ወንዝ የሚያመጣው ምግብ ሲበዛ ግን ጉዳት አለው። ሚሲሲፒ ወንዝ ከእርሻ ያጠበው ማዳበሪያ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አልጌ የሚባሉትን የውሃ ነፍሳት ያበዛል። አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ይሸሻል፣ ያልሸሸው ይሞታል።

የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ባሕር አይደለም፤ በገጸ ምድር መውጫም የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣው ደለልና ማዳበሪያ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ደለሉን ያጣራ የነበረው የጨለለቃ ረግረግም ተመናምኗል። ከዝናብ በኋላ የጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ስለዚህ ጥቁር ውሃ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ የፎስፈረስ፣ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ልኬት በየወሩ ይወሰድ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ አለው። ጋዜጣችሁም ውጤቱን በየወሩ ያትምልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ