ዘይት የነካ ጨርቅ ማሳለፍ ጽዳት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፈቃድ ያላቸው የሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ) ባለቤቶች ፍሬው ከዒላማው ዙሪያ ሲበተንባቸው ጥይቱን ይወቅሳሉ። መጀመሪያ ግን ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ የተፈታውን አፈሙዝ (ቱቦውን) ወደ ብርሃን አድርጎ በውስጡ ማየት ይገባል። ከጥይት ማደሪያው ፊት ለፊትና ጫፉ ላይ በሚጠብበት ቦታ ግራጫ ጭረት ከታየ፣ የቀለጠ ፕላስቲክና የእርሳስ ቅሪት ነው። ይህን ተራ ዘይት አያነሳውም።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይረጋገጥ፤ ጥይቱም ከክፍሉ ይውጣ። የተፈታው አፈሙዝ በባሩድ ማጽጃ ፈሳሽ ይረስና 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ልኩ የሆነ የነሐስ ብሩሽ (የአፈሙዙ ስፋት 12 ቁጥር ከሆነ የ12) ከጥይት ማደሪያው በኩል ገብቶ እስከ 30 ጊዜ ይመላለስ። ብሩሹ በሌላው ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መሐል ላይ አቅጣጫ ከተቀየረ ፀጉሩ ታጥፎ ይበላሻል። ተፈቺ ቾክ (የአፈሙዙን ጫፍ የሚያጠብ ቁራጭ) ካለ ለብቻው ይጽዳ፤ የሚታሰርበት ጥርስ ላይ ጥቂት ቅባት ካልተደረገ ዝጎ ይጣበቃል።

ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካው! የሚጭረው ብረቱን ነው፣ ቅሪቱም በጭረቱ ውስጥ ይብስ ይይዛል። በቤንዚን ማጽዳትም ከከሰል ምድጃ አጠገብ እሳት ነው።

ከብሩሹ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ይለፍበት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ስስ ዘይት ይቀባ፤ በአዲስ አበባ ክረምት ይህን መዝለል ዝገትን መጋበዝ ነው። ከመተኮስ በፊት ዘይቱ ይጠረግ፣ ውስጡ የተረሳ ጨርቅ አለመኖሩም ይታይ። እጅም እርሳስ ስለነካ በሳሙና ይታጠብ።

ከአክብሮት ጋር
ከፒያሳ፣ አዲስ አበባ