ለምን ሁለት ገመድ እንደምንዘረጋ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። የግድግዳችሁን መለጠጥ የሚለካ ገመድ ለመዘርጋት የላክነው የዋጋ ማቅረቢያ ከደረሳችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ «ግድግዳው አንድ ሆኖ ሳለ ለምን የሁለት ገመድ ታስከፍሉናላችሁ?» ብላችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በስልክ ከምንቻኮል በጽሑፍ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለናል።

ገመዱ ለኢንተርኔት ከሚዘረጋው የፋይበር ኬብል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ውስጡ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ የሆነ የመስታወት ክር አለ። ከአንዱ ጫፍ የሌዘር ብልጭታ እንልካለን። ብርሃኑ በየመንገዱ ጥቂት ጥቂት እየተበተነ ወደ እኛ ይመለሳል። በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ አይተን ከስንተኛው ሜትር እንደመጣ እናውቃለን። ክሩ በተለጠጠበት ቦታ ደግሞ የተመላሹ ብርሃን ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ይለወጣል። ይህን የብርሃን መበተን ፈረንሳዊው ሌዎን ብሪሉዋን በፈረንጆች 1922 አስቀድሞ ገልጾት ነበር።

ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ የሚለጠፍ መለኪያ የሚናገረው ስለዚያች ቦታ ብቻ ነው። በከተማችን ዝቅተኛ ቦታዎች ያለው ጥቁር አፈር ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ የትኛው የመሠረት ጥግ ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ ማንም አያውቅም። ገመዱ ሁሉንም ሜትር በሜትር ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ገመድ። የምንለካው በማይክሮስትሬን ነው። አንድ ማይክሮስትሬን ማለት የ1 ኪሎሜትር ርዝመት በ1 ሚሊሜትር ሲለጠጥ ነው። ኮንክሪት ሲሳብ 100 ማይክሮስትሬን አካባቢ ላይ መሰንጠቅ ሊጀምር ይችላል። ችግሩ፣ ክሩ ሙቀትንም ይሰማል። 1 ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር 20 ማይክሮስትሬን ያህል የተለጠጠ ይመስላል። ጠዋት ከቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ የከሰዓት ፀሐይ 10 ዲግሪ ብትጨምርበት፣ 200 ማይክሮስትሬን አነበብን ማለት ነው!

ይህ ደርሶብናል። መጀመሪያ ሰሞን በአንድ የቡና መጋዘን ላይ አንድ ገመድ ብቻ ዘረጋን። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ሲወጣ ባለቤቱን ደውለን አስደነገጥናቸው። ግድግዳው ደህና ነበር፤ ፀሐይ ነበረች። ዛሬም ድረስ ይቆጨናል።

ስለዚህ አንዱን ገመድ ከኮንክሪቱ ጋር አጥብቀን እናጣብቃለን። ሌላውን በዚያው መስመር፣ በቱቦ ውስጥ ላላ አድርገን እንተወዋለን። የላላው ግድግዳው ቢንቀሳቀስም አይለጠጥም፤ የሚሰማው ሙቀቱን ብቻ ነው። ከዚያ የሙቀቱን ድርሻ እንቀንሳለን። የሚተርፈው የግድግዳው እውነተኛ መለጠጥ ነው። ሁለተኛውን አስቀርታችሁ ዋጋ እንቀንስ ብትሉን አንስማማም፤ የማናምነውን ቁጥር ልንሰጣችሁ አንፈልግም።

አንድ አደራ። የምናነበው ከአንድ ጫፍ ስለሆነ፣ ገመዱ ከተቆረጠ ከተቆረጠበት ቦታ ወዲያ ያለው አይታየንም። ኤሌክትሪሻን ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳ ሊበሳ ሲል አስቀድማችሁ ደውሉልን፤ መጥተን መስመሩን በኖራ እናሰምርላችኋለን። ለዚህ አናስከፍልም።

ከሰላምታ ጋር
የተከላ ክፍል፣ ጅማ