እማዬ፣ ኬኩን አብረን እንጋግረው

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ዐይንሽስ? ጠብታውን በሰዓቱ እያደረግሽ ነው? ሐኪሙ ከባድ ዕቃ እንዳታነሺ ብሏል፣ ባልዲ ተሸከምሽ ሲሉኝ እንዳልሰማ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ትንሿ ማንበብ ጀምራለች። መጀመሪያ ብቻዋን ያነበበችው ምን መሰለሽ? የብስኩት መጠቅለያ ጀርባ። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች «ወ-ተ-ት» አለችና መጠቅለያውን አምጥታ ሰጠችኝ። «ይሄ የእኔ አይደለም» ብላ ሄደች። አላለቀሰችም። እኔ ግን ሆዴ ባባ። በስዕልም ጎብዛለች፣ አንቺን በትልቅ መነጽር ስላ ግድግዳ ላይ ለጥፋለች። ሲደወል ሁሉ አንቺ እየመሰልሻት ስልኩን ትሻማኛለች።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ስለዚህ አልነበረም።

በቀደም «የዘንድሮን የልደት ኬክ እኔ ነኝ የምጋግርላት» ስትዪኝ ዝም አልኩ። የተቋረጠ መስሎሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልሽ። አልተቋረጠም ነበር። ምን እንደምልሽ ጠፍቶብኝ ነው።

ትንሿ አለርጂ ስላለባት ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ አትችልም። ያለ እነሱ ጥሩ ኬክ ይወጣል፣ እኔ ስጋግር ኖሬያለሁ። በአንድ እንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጬ አሥር ደቂቃ ያህል አቆየዋለሁ፣ ልክ እንደ እንቁላል ይዝለገለጋል። ተልባ ሊጡን ያያይዘዋል እንጂ አያነፋውም፣ ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ እጨምራለሁ። ሲገናኙ አረፋ ይሠራሉ፣ አረፋው ሳይጠፋ ቶሎ ምድጃ ውስጥ መግባት አለበት። ለላዩ ደግሞ ሽምብራ የተቀቀለበትን ውሃ በስኳር እመታዋለሁ፣ ነጭ ሆኖ ይነሳል። አታምኚኝም፣ አንድ ቀን ቆመሽ እዪው።

የሚያስቸግረው ሊጡ አይደለም፣ በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ነው። ቅቤ የጠጣ የእንጨት ማንኪያ። የተጫጫረ መጋገሪያ። የሌላ ኬክ የተቆረጠበት ቢላ። ያለፈው ጊዜ ያመጣሽላት ወተት ላይ «ላክቶስ የለውም» ይላል፣ እንዴት ደስ ብሎሽ እንዳመጣሽው አይቻለሁ። ላክቶስ ግን የወተቱ ስኳር ነው፣ እሷን የሚያሳምማት ፕሮቲኑ ነው፣ እሱ ደግሞ እንዳለ አለ። ወተት ያለው ሻይ ጠጥተሽ ጉንጯን የሳምሻት ዕለትም ቦታው እንዴት ቀልቶ እንዳበጠ አይተሻል። «እጄን በአልኮል ጠርጌ ነበር» ያልሽውም ቢሆን አልኮሉ ጀርም ነው የሚገድለው። የምግቡን ፕሮቲን ከእጅ የሚያነሳው ሳሙናና ውሃ ነው።

ሰው ቤት ስንጠራ ምግቧን በዕቃ ይዘን እንሄዳለን። አንዳንዱ ቤት በደስታ ይቀበለናል። አንዳንዱ ይቀየመናል፣ የተናቀ ይመስለዋል። ሁልጊዜ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ይሄን ነገር ከባዳ ስሰማ እችለዋለሁ፣ ከአንቺ ስሰማው ግን ሌላ ነው እማዬ።

«አንቺንም ስታድጊ ለቀቀሽ፣ እሷም ብትለማመደው ይለቃታል» ትያለሽ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም። የእንቁላልና የወተት አለርጂ ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይለቃቸዋል፣ ኦቾሎኒ ግን የሚለቃቸው ጥቂቶች ናቸው። ስለማለማመዱም ሐኪሞቹ ራሳቸው ሐሳባቸውን ቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አለርጂ ለሚያሰጋቸው ልጆች ኦቾሎኒ እስከ 3 ዓመታቸው እንዳይሰጥ ይመክሩ ነበር፣ በ2008 ያንን ምክር ተዉት። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝ 640 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜያቸው ጀምረው ለልጅ በሚሆን መልኩ ኦቾሎኒ የበሉት፣ ካልበሉት ጋር ሲነጻጸሩ አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ግን ይሄ አለርጂው ሳይመጣ በፊት ነው። አንዴ ከመጣ በኋላ የሚያለማምድ ሐኪም ነው፣ በተመጠነ መጠን፣ ቢብስባት ሊደርስላት አጠገቧ ተቀምጦ። አያት በማንኪያ ጫፍ አታለማምድም።

በማንኪያ ስል ያ የአክስቴ ቤት ድግስ ትዝ አለኝ። ያ አረንጓዴ ቀሚሴን የለበስኩ ቀን። እንቁላሉን አልበላም ስል በሰው ሁሉ ፊት «ተዉአት፣ ሞልቃቃ ናት» ብለሽ አፌ ውስጥ ከተትሽው። ከንፈሬ አበጠ፣ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስተነፍስ ደረቴ ያፏጭ ነበር። አባዬ ዞር ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ አንቺን አየ። «ብርድ መቷት ነው» አልሽ። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ አደርሽ፣ እሱንም አልረሳሁም። ግን ስለዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። ያኔ ስለ አለርጂ የሚነግርሽ ሰው እንዳልነበረ ይገባኛል፣ በዚያ አልፈርድብሽም። የቆረቆረኝ አለማመንሽ ነው። ጉሮሮዬን እየያዝኩ ያመኛል ስልሽ አላመንሽኝም። ልጄ «ያመኛል» ስትል ሁሉም ሰው እንዲያምናት የምፈልገው ለዚህ ነው፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ አንቺ።

አሁን ዋናውን ልበልሽ፣ ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ።

ያለፈው ጊዜ እኛ ጋ ስትመጪ አለርጂው ሲብስባት የምትወጋውን የአድሬናሊን መርፌ አሳየሁሽ። ከጭኗ ጎን፣ በልብሷ ላይም ቢሆን ይወጋል፣ ቀድሞ መርፌው ከዚያ አምቡላንስ። የአለርጂ ሽሮፑ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። አስተኝተሽ እግሯን ከፍ ማድረግ ነው፣ መተንፈስ ካቃታት ደግሞ ትቀመጣለች እንጂ ተነስታ አትራመድም። ቢሻላትም ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስባት ይችላላ። አንቺም በመለማመጃው ደጋግመሽ ሞከርሽው፣ በደንብ ነው የያዝሽው። በማግስቱ ጠዋት መርፌውን ከጠረጴዛ ላይ አነሳሽና «ይሄ ምንድነው?» አልሽኝ።

ዐይንሽ ቢሆን ኖሮ ባላሰጋኝ። ጽሑፉን እኔ አነብልሻለሁ። ግን በዚያው ሳምንት እንቁላል ነው ወይስ ወተት የማትበላው እያልሽ በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደጠየቅሽኝ አታውቂውም። ምድጃውም እንደበራ አደረ። አልነገርኩሽም፣ እንዳይከፋሽ ብዬ።

ስለዚህ ኬኩን ብቻሽን እንድትጋግሪላት አልፈልግም፣ ብቻሽን እንድታበያትም አልፈልግም። ይሄን መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ እግዜር ያውቃል። እጅሽን ጠልቼ አይደለም፣ እኔ መጋገር የተማርኩት ከማን ሆነና።

ከልደቷ ሁለት ቀን ቀድመሽ ነይ። ዕቃውን እኔ አጥባለሁ፣ መጠቅለያውን እኔና እሷ እናነባለን፣ ሊጡን አንቺ ታማስያለሽ። ላዩን የምታስጌጠው አያቴ ናት ብላ ከአሁኑ እየፎከረች ነው። ዱቄትም ሆነ ስኳር ከቤትሽ ይዘሽ እንዳትመጪ፣ ሁሉም እዚህ አለ።

ሌላው፣ ስለ መርሳቱ ሐኪም እናናግር። አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ይገኛል፣ የታይሮይድ ወይም የቫይታሚን ቢ12 ማነስ ሆኖ በመድኃኒት የሚስተካከልም አለ። የዐይንሽ ቀጠሮ ጊዜ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ በዚያው እንጠይቃለን። ለወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም፣ አንቺ እሺ ሳትዪኝ አልነግረውም። ደውዪልኝና እሺ ወይ እምቢ በዪኝ፣ ብትቆጪም ደውዪ።

ልጅሽ